ግራ እጄና የጋሼ ሰይድ ሽርጥ

ልጄ ስንት ጊዜ ነግሬያት ዛሬም ግቢ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የምታነጥረው በቀኟ ብቻ ነው። ድው ድው የሚለው ድምፅ ልጅ ሆኜ ወደተጫወትኩበት የኮምቦልቻ ሜዳ መለሰኝ። አሰልጣኛችን ጋሼ ሰይድ ከደሴ ልጆች ጋር ለምንገጥመው ጨዋታ ሊያሰልፉኝ ፈልገው ቀኝ እጄን በሽርጣቸው ከወገቤ ጋር ጠፈሩት።

«በግራህ አስገባ!»

«ወላሂ ጋሼ፣ እናቴ በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው ብላለች!»

«ቅርጫቱ መቼ ምሳ ሆነ? ቀኝህን ደሴ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ የምፈልገው የማያውቁትን ልጅ ነው።»

ያንን ልጅ እኔም አላውቀውም ነበር። ሺህ ጊዜ ሳትኩ፤ ኳሷን ከሐረጎ ቁልቁለት ስለቅም የዋልኩ መሰለኝ፤ በንዴት አለቀስኩ። በጨዋታው ቀን ግን ደሴዎች ቀኜን ከበው ሲጠብቁ በግራዬ አስቆጠርኩ።

አሁን ሽርጤን ይዤ ወጣሁ። ልጄ ኳሷን ጥላ ጮኸች፦ «እማዬ፣ አባባ ዛሬም ሊያስረኝ ነው!»