የውሃ ልክ እረፍት

ወዳጄን የሚያውቀው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነበር የሚለው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው። አርባ ዓመት ተንበርክኮ የሰው ቤት ወለል ሲያቃና ኖሯል፤ እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ብይ ብታስቀምጥ የትም አይሄድም። እኔ ግንበኛ ስለነበርኩ ብዙ ሕንፃ ላይ አብረን ሠርተናል። ያቆምኩትን ግድግዳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይና «ይሄ ግድግዳ ቀምሷል እንዴ? ዘመም ብሏል» ይለኛል። እኔም አልተኛለትም። «መጀመሪያ የራስህን ወገብ አቃና» እለዋለሁ። እውነትም ስልሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ከተቀመጠበት ለመነሳት ግድግዳ የሚደገፍ ጎባጣ ሰው ሆኖ ነበር።

ቀልዳችን የቆመው ባለቤቱ የወደቀች ዕለት ነው። ስትሮክ መታት፤ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አንደበቷ ግን አልተነካም። ልጅ የላቸውም፤ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሆስፒታሉ ሁለት ወር ካስታመማት በኋላ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራት የሕክምና ባለሙያ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። ቤቷ መግባት ትችላለች፤ ግን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ በደንብ የሚያነሳት ሰው ካለ ብቻ ነው። «እኔ አለሁ» አለ። እስቲ አንሳት ተባለ። ጎንበስ ብሎ እንዳቀፋት ወገቡን ያዘው፤ ባለሙያዋ ባትደርስ ሁለቱም ወለል ላይ ነበሩ።

«አባቴ፣ እርስዎንስ ማን ያነሳልኛል?» አለችው።

ባለቤቱ አልጋዋ ላይ ሆና ክሬን እንዲከራይ መከረችው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠው። በሦስት ወር ውስጥ ወገቡ ካልበረታ እሷ የምትገባው የሕሙማን መጦሪያ ነው። መጦሪያው ከከተማው ዳር ነው፤ አንድ ቀን ሄደን አየነው። አልጋዎቹ ተጠጋግተው ተደርድረዋል።

በዚያው ሰሞን አንዲት የዮጋ አሰልጣኝ አስጠራችው። ከዓመታት በፊት ያነጠፈላት ክፍል ውስጥ አንድ ሴራሚክ ለቆባት ነበር። ክፍሉ ሆን ተብሎ የሚሞቅ ነው፤ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ሊደርስ ምንም አይቀረው። በሩን ሲከፍቱት እንፋሎቱ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል። ውሃ ልክ እንደ ልማዱ ወለሉን በመዶሻው እጀታ እያንኳኳ፣ ከሥሩ ባዶ የሆነው የቱ እንደሆነ በጆሮው ሲያዳምጥ፣ ሰዎቹ በዚያ ሙቀት ለምን እንደሚሠቃዩ ጠየቃት። ነገረችው። ወገብ ያበረታ እንደሆነም ጠየቃት።

ይህችን ልጅ የማከብራት ስላልዋሸችው ነው። የሚያበረታው አቋሙን ይዞ መቆየቱ ነው አለችው፤ ሙቀቱ የተያዘውን ያላላል እንጂ ተአምር አይሠራም። እንዲያውም ሰውነት በሙቀት ከአቅሙ በላይ የላላ ስለሚመስለው፣ የቸኮለ ሰው ጅማቱን ይጎዳል። ውሃ ቀድሞም ኋላም መጠጣት አለበት፤ ራሱን ካዞረው መቀመጥ አለበት። ልቡን ወይም ደም ግፊት የሚያመው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይገባም። ሐኪሙ ለሱ ፈቀደለት። እኔን ግን በግፊቴ ምክንያት ከለከለኝ። ስለዚህ ሥራዬ በር ላይ ተቀምጦ የሱን ቦርሳና ስልክ መጠበቅ ሆነ። «ከነገረኛነትህ ላይ ሙቀት ቢጨመር ትፈነዳለህ» አለኝ ውሃ ልክ።

በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ሲል ጣቶቹ ጉልበቱን አልፈው አልወረዱም። በር ላይ ባለው መስታወት አያለሁ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይኑን ግን ከወለሉ አያነሳም፤ ራሱ ያነጠፈውን ሴራሚክ መገጣጠሚያ መስመር ይዞ እጁን የሚያስተካክል ይመስላል። በወሩ ጣቶቹ ቁርጭምጭሚቱ ዘንድ ደረሱ። በሁለተኛው ወር ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ መንቋቋቱን ተወ። በአፍንጫው በቀስታ መተንፈስ ከለመደ ወዲህ እንቅልፉም ተስተካከለ። አጠገቡ የምትሠራ አንዲት ሯጭ ነበረች፤ ጭኗ ሁልጊዜ ይይዛት እንደነበረና፣ አሁን እርምጃዋ እንደሰፋ፣ በአንድ እግር መቆሙ ደግሞ መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚቷ እንዳይዞር እንደረዳት ነገረችኝ። ውሃ ልክ ባንድ እግሩ ሲቆም አንድ ጊዜ ተንገዳግዶ ያዘችው። «ጋሼ፣ ወለሉ ነው የተንጋደደው?» አለችው። ሴራሚኩ የሱ እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ተቆጣ።

አንድ ነገር ብቻ አልሠራም። መጨረሻ ላይ ሁሉም በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም የሚልበት አለ። አሰልጣኟ ይህን አቋም በስሙ «ሬሳ» ብላ ጠራችው። ውሃ ልክ ብድግ ብሎ ፎጣውን ሰበሰበ።

«ልጄ፣ በቁሜ ሬሳ አልባልም» አላት።

ከዚያ ወዲህ ስሙን ለውጣ «እረፍት» አለችው። እሱ ግን አሁንም ሌሎቹ ሲተኙ ሾልኮ ይወጣና ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። «እሷ ቤቷ ስትገባ አርፋለሁ» ይለኝ ነበር።

ሦስት ወሩ ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ፈተናውን ተፈተነ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ጀርባውን ቀጥ አደረገ፣ በአፍንጫው አየር ሳበ፣ አነሳት።

«ቀስ በል፣ ሲሚንቶ አይደለሁም» አለችው አንገቱ ላይ ሆና።

ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጣት እግሯ እንኳ ወለሉን አልመታም። ባለሙያዋ ወረቀቱ ላይ ፈረመች፤ ሰኞ ትወጣለች ተባለ። ያን ዕለት ቤቱ ሄደን አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርንላት።

ዓርብ ትኩሳት ያዛት። ሳንባዋ ነው አሉ። እየሳለች ሁለት ቀን እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ቅዳሜ ውሃ ልክ ነርሷን ለመናት፤ ትንሽ ካረፈች ስልክ ደውሉልኝ አለ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፎ ሰጣት። እሑድ ጠዋት ሐኪሞች እስኪጨርሱ ጠያቂ አይገባም። ባለቤቱ ራሷ ናት ማታውኑ ያባረረችው፤ ሄደህ ላብህን አውጣ፣ ሰኞ የምታነሳኝ አንተ ነህ ብላው።

ረፋዱ ላይ ዮጋ ክፍሉ በር ላይ እንደተቀመጥኩ በእጄ የያዝኩት የሱ ስልክ ጠራ። የማላውቀው የሴት ድምፅ ነው፤ ሌላ ነርስ መሆን አለበት። የታማሚዋ ቤተሰብ መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ነኝ አልኳት።

«አባቴ፣ አርፈዋል። ስትመጡ የክፍሉን ኃላፊ አነጋግሩ» አለችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው። ስለዚህ አንድን ቃል ከመቀበሌ በፊት ሁለቴ ማገላበጥ ልማዴ ነበር። የዚያን ቀን አላገላበጥኩም። ኃላፊዋን አነጋግሩ ማለቷንም ስለ ሰኞው መውጫ ነው ብዬ አሰብኩ። በሩን አንኳኳሁ፤ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

«አርፋለች» አልኩት።

ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ «ተመስገን» አለ። ከዚያ እንደ ወትሮው ፎጣውን ፍለጋ ዞረ። ያዝኩት።

«ዛሬ አትሩጥ። ትተኛ። አንተም እረፍ» አልኩት።

ተመልሶ ገባ፤ ከሌሎቹ ጋር በጀርባው ተንጋለለ። ሌሎቹ ተነስተው ሲሄዱም አልተነሳም። አሰልጣኟ ማሞቂያውን አጥፍታ ተወችው። በመስታወቱ አየሁት። ያ ጎባጣ ጀርባ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሏል፤ በደንብ በተነጠፈ ሴራሚክ ሥር እንደማይኖር ሁሉ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ አልነበረውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተኛ። ሲወጣ ፊቱ የሰርጉን ሰሞን ይመስል ነበር። በመንገድ ላይ ስለ መስኮቱ አወራኝ፤ ፀሐዩ እንዳይበዛባት መጋረጃ ያስፈልጋል አለ።

ስንደርስ አልጋዋ ዙሪያ መጋረጃው ተዘግቷል። ኃላፊዋ ሀዘኗን ስትነግረው አላያትም፤ ያየው እኔን ነው።

«አርፋለች አልከኝ።»

«እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

ሁለት ሠራተኞች ተሸካሚ አልጋ እየገፉ መጡ። እጃቸውን ሲዘረጉ ገለል አደረጋቸው። ጉልበቱን አጠፈ፣ ጀርባውን ቀጥ አደረገ፣ በአፍንጫው አየር ሳበ፣ አነሳት። ትንሽ ቆመ፤ ሲሚንቶ አይደለሁም የሚለው ሰው አልነበረም። ቀስ ብሎ አስቀመጣት፤ እግሯንም አስተካከለ። ወረቀቱን የፈረመችው ባለሙያ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከወራት በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። አልጋው አሁንም በመስኮቱ በኩል ነው፤ መጋረጃም ሰቅሎለታል። ያን ቀን አንተም እረፍ ባልልህ ቶሎ ትደርስ ነበር አልኩት። አጠራቅሜ የያዝኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ብሮጥም አልደርስባትም ነበር» አለኝ። «ግማሽ ሰዓት እሷም አርፋ እኔም አርፌ ነበር። እሱን አትንካብኝ።»

ወደ ዮጋው አልተመለሰም። አሰልጣኟ ሁለቴ ልካበት ነበር። ወገቡ ግን እንደተቃና ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ አየዋለሁ፤ እጆቹን ባዶ አንጠልጥሎ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።