መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው ድምፅ

መጀመሪያ የታመመ የመሰለኝ ማሽኑ ነበር።

ክረምት ነው፤ ጠዋት። ከእንቅልፌ ስነሳ ግራ ጆሮዬ ጥጥ የተወተፈበት ያህል ደፍኖኛል። ማታ ከቦሌ ስመለስ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሥር ነበር የተቀመጥኩት፤ ብርድ መታኝ ብዬ ነገሩን ተውኩት። ፊቴን ታጥቤ ሲንተሳይዘሬን አበራሁና አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ሁለት ድምፅ ሰማሁ። አንዱ በቀኝ በኩል የማውቀው ድምፅ ነው። ሌላው በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሻክሮ ይመጣል። ጣቴን አነሳሁ። ደግሜ ተጫንኩ። አሁንም ሁለት ነው።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ደርሶባችሁ «ነገ ይሻለኛል» እያላችሁ ላላችሁ ሰዎች ነው። ስለዚህ ለምን ማሽኑን እንደጠረጠርኩ ላስረዳ። ሙዚቃ የምሠራው ያለ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ያረጀ አናሎግ ሲንተሳይዘር፣ አንድ ድራም ማሽን፣ ድምፆቹን በተራ የሚያስነሳልኝ ሲኩዌንሰርና ሁሉንም አዋህዶ የሚያወጣ ትንሽ ሚክሰር አሉኝ። ሁሉም በእጅ የሚዞሩ፣ በኬብል የሚያያዙ ናቸው። ስክሪን የላቸውም። ኮምፒዩተር ቢሆን ድምፁ መዛነፉን በቁጥር ያሳያል፤ እኔ የምለካው በጆሮዬ ብቻ ነው። በዚህ ደግሞ እኮራ ነበር፤ ሲበዛም እኮራ ነበር። አብሮኝ የሚጫወተው ናቲ ክራር ተጫዋች ነው። ልማዳችን እሱ ከማሽኔ ድምፅ እየወሰደ ክራሩን መቃኘት ነው፤ ከዚያ ግን ስልኩ ላይ ባለ መቃኛ ደግሞ ያረጋግጣል። «ጆሮህን አከራየኸው እንዴ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

አናሎግ ማሽን ሲበርደው ድምፁ ይዋዥቃል። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አብርቶ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው መድኃኒቱ። የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ በክረምት ግድግዳው ራሱ እርጥበት ያወጣል። ማሽኑ በርዶታል አልኩ። አብርቼው ዋልኩ። ሞቀ። ድምፁ ግን ሁለት እንደሆነ ቀረ።

ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። ቦሌ በየጊዜው አዲስ ሕንፃ የሚመረቅበት ዘመን ነው። አንድ ሊከፈት የተቃረበ ሆቴል ዓርብ ዓርብ እንድንጫወትለት ጠይቆናል። የሰርግ ቤት ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ከመጫወት የሚያወጣኝ፣ የራሴን ድምፅ ይዤ የምቆምበት የመጀመሪያው ቦታ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ መስተካከል ነበረበት። ስለ ጆሮ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ግድም ሃሙ መጣ። ሃም የምንለው ከኤሌክትሪክ መስመር ወደ ስፒከር የሚገባውን ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ግራ በኩል ይሰማኛል። ኬብል ቀየርኩ። ዲቫይደር ቀየርኩ። ማቀዝቀዣውን ነቀልኩ፤ እናቴ ወተቱ ተበላሸ ብላ ተቆጣች። ኤሌክትሪሻን ጠርቼ የሕንፃውን የመሬት መስመር አስፈተሽኩ። «እኔ ምንም አይሰማኝም» አለኝ። አይሰማህም ብዬ በውስጤ ናቅኩት።

እናቴ በበኩሏ የጆሮ ሕመም ነው ብላ ከሾላ ገበያ ጤና አዳም ገዝታ መጣች። ጨምቃ ልታንጠባጥብልኝ ነበር።

«ጋደም በይ» አለችኝ።

«እማዬ፣ የተበላሸው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ከተበላሸ ታዲያ ስጠራሽ ለምን አትሰሚም?»

ጋደም ብዬ እንድታንጠባጥብልኝ ፈቀድኩ፤ ማሽኑን መፍታቴንም አልተውኩም። ክዳኑን ከፍቼ በካቻቢቴ ውስጥ ያሉትን የድምፅ ማስተካከያ ብሎኖች አንድ በአንድ አዞርኳቸው። ለግራ ጆሮዬ ልክ እስኪሆንልኝ ድረስ አዞርኩ። ልክ የሆነ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

ሆቴሉ ውስጥ የድምፅ ሙከራ ያደረግነው ከሰዓት በኋላ ነው። የወንበሮቹ ፕላስቲክ ገና አልተነሳም። ናቲ ድምፅ ወስዶ ክራሩን ቃኘ። ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን እጁን ከክሩ ላይ አነሳ።

«ይሄ ላንቺ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«የታችኛው ድምፅ ከላይኛው ጋር አይገናኝም እኮ። እስቲ ደግመሽ ስሚው።»

«አንተ ስልክህን ትተህ ስማ።»

ስልኩን አላወጣም። ክራሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። ናቲ በባዶ ነገር እንኳ የሚከራከር ሰው ነው። ሳይከራከረኝ ሲቀር ፈራሁ።

መብራት ጠፋ።

ማሽኖቼ ጠፉ። ስፒከሩ ጠፋ። የአየር ማቀዝቀዣው ቆመ። ጎን ካለው ግንባታ የሚመጣው የሲሚንቶ ማቡኪያ ጩኸት ቆመ። ጄኔሬተሩ ገና አልተነሳም። አዳራሹ ጭር አለ።

ሃሙ አለ።

ኬብሉን ከሚክሰሩ ነቀልኩ። አለ።

«ናቲ፣ ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

ግራ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። ባሰ። ያኔ ገባኝ። እኔ ውስጥ ነው። ቁጭ አልኩ። ናቲ አልጠየቀኝም፤ ማሽኖቹን በቦርሳቸው ከተተና ሥራ አስኪያጁን «ዛሬ አንጫወትም፣ አሟታል» አለው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ እኛ ደረጃ ላይ ነበርን።

የአንገት በላይ ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው።»

ብዕራቸው ቆመ። «እስከዛሬ ለምን ቆየሽ?»

«ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነው፣ ዶክተር።»

አልሳቁም። ቱኒንግ ፎርክ የሚባለውን፣ ሲመታ ጥርት ያለ አንድ ድምፅ የሚያወጣ ሹካ መሰል ብረት መትተው ግንባሬ መሐል አስቀመጡት። «በየት በኩል ይሰማሻል?» በቀኝ ብቻ ነበር። «በጆሮ ኩክ ተደፍኖ ቢሆን ወደ ታመመው ጆሮ ነበር የሚሄደው። ይሄ የነርቭ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ሄድፎን አደረጉልኝ፤ ድምፅ ስሰማ የምጫነው ቁልፍ ሰጡኝ። ቀኙ አለቀ። ግራው ተጀመረ። ዕድሜዬን በሙሉ ቁልፍ ስጫን ድምፅ ሲመጣ ነው የማውቀው። አሁን ድምፁን እየጠበቅኩ ነው፣ አይመጣም። በመስታወቱ በኩል የምርመራ ባለሙያዋ እጇ እንደሚሠራ አያለሁ። እየላከችልኝ ነው። አይመጣም። አለቀስኩ።

ውጤቱን በመስመር በሚያሳየው ወረቀት፣ ኦዲዮግራሙ ላይ፣ የግራው መስመር ከቀኙ ተለይቶ ወደ ታች ወርዷል። ሐኪሙ ስሙን ነገሩኝ፤ ሰደን ሴንሰሪኒውራል ሂሪንግ ሎስ፣ ማለትም ድንገተኛ የመስማት ነርቭ ጉዳት።

«ከሙዚቃው ነው?»

«ነው ልልሽ አልችልም፣ አይደለም ልልሽም አልችልም። አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን አናገኘውም።»

«ይመለሳል?»

«የሚመለስለት አለ፣ በከፊል የሚመለስለት አለ፣ የማይመለስለትም አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥተሽ ቢሆን ተስፋው ሰፊ ነበር። አሁንም እንሞክራለን።»

«ቀኙስ?»

«ብዙ ጊዜ በአንዱ ብቻ ይቆማል።»

ብዙ ጊዜ። ታክሲ ውስጥ የካ አባዶ እስክደርስ ይህችን ቃል ሳመነዥካት ነበር።

ፕሬድኒሶሎን የሚባል እንክብል በከፍተኛ መጠን ጀመርኩ። ነርቩ ላይ እጢ መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ኤምአርአይ የሚባል ምርመራ ታዘዘልኝ። የምርመራ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገቡኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንኳኳል፣ ያቆማል፣ ያንኳኳል። በአንድ ጆሮ ሰማሁት። ውጤቱን ስጠብቅ ሰነበትኩ። እጢ የለም ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ጆሮዬ ግን እንደዚያው ነው። ያኔ መድኃኒቱን በቀጥታ በጆሮዬ ታምቡር አሳልፈው በመርፌ መስጠት ጀመሩ። ያማል፣ ያዞራል፤ ግን አጭር ነው፣ አትፍሩት።

ፍልሰታ ነበር። እናቴ ጾም ገድፋ አታውቅም፣ እኔንም አስገድፋ አታውቅም። እንክብሉ በባዶ ሆድ አይወሰድም መባሉን ስትሰማ ግን እንቁላል ቀቅላ፣ ልጣ፣ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ሐኪሙ ቀንሺ ስላሉኝ ጨው አልነበረውም። እስክጨርስ ቆማ አየችኝና ወደ ቅዳሴዋ ሄደች። እሷን በዚያ ጠዋት የወደድኳትን ያህል ወድጃት አላውቅም።

እንክብሉ ፊቴን አሳበጠው፣ ጠባዬንም አበላሸው። ናቲ ሊጠይቀኝ መጥቶ «አሁን ነው የሰው መልክ የያዝሽው» ሲለኝ ትራስ ወረወርኩበት።

መሻሉ በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ የጀመረውም ከሙዚቃ ሳይሆን ከእናቴ ነጠላ ነው፤ አንድ ጠዋት በግራዬ በኩል ስታልፍ የጨርቁ መንሿሿት ተሰማኝና እንድትመለስ፣ ደግማ እንድታልፍ ለመንኳት፣ እሷም ነገሩ ሲገባት ሳሎኑን እየዞረች ጎረቤት እስኪታዘበን ድረስ ስትመላለስልኝ ቆየች። ከዚያ በኋላ የሰው ንግግር ቀስ በቀስ ጠራ፣ ሁለት የነበረው ድምፅም እየተቀራረበ መጣ፣ ምንም እንኳ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አንድ ባይሆንና ሃሙ ሙሉ በሙሉ ባይለቀኝም፤ በሥራ ስጠመድ እረሳዋለሁ፣ ጭር ባለ ቤት ግን ያው አለ። የሆቴሉን ሥራ ሌሎች ወሰዱት። ከወራት በኋላ ናቲ ቤት መጥቶ ያዛባኋቸውን ብሎኖች አብረን በስልኩ መቃኛ እያየን መለስናቸው፣ እኔ ካቻቢቴውን ይዤ፣ እሱ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ» እያለ። ኩራቴ ተጎድቷል፣ አልዋሽም። አሁን ስንጫወት ልማዳችን ተገልብጧል፤ እሱ ክራሩን ይቃኛል፣ እኔ ድምፅ የምወስደው ከእሱ ነው፤ አንድ ስፒከር ብቻ አበራለሁ፣ ለቀኝ ጆሮዬ በሚስማማ ልክ ዝቅ አድርጌ።

ሐኪሜን፣ በመስታወቱ ማዶ የነበረችውን ባለሙያ፣ እናቴንና ናቲን እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። አንድ ጆሮ በድንገት ከደፈነ፣ ድምፅ ሁለት ከሆነባችሁ፣ ወይም ሌላው የማይሰማው ነገር ከሰማችሁ፣ በዚያው ቀን የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ብርድ ነው አትበሉ። ምንም ነገር አታንጠባጥቡበት። የቤት ሰው «አትሰሚም» ሲላችሁ እመኑት።

እያደር ቢሻለኝም፣ ቀኙም እንዳይሄድብኝ የሚለው ፍርሃት አልለቀቀኝም። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ሁለት ጣቶቼን ቀኝ ጆሮዬ አጠገብ አፋትጋለሁ። በጣም ትንሽ፣ ደረቅ ድምፅ ናት። እስክሰማት ድረስ ለማንም ደህና አደርክ አልልም።

ዛሬ ሰምቻታለሁ።