ቅዳሜ የተነገረ የሐሙስ ቀብር

ያኔ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ እየኖርኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋዊ ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ፣ እሠራ ነበር። አንድ ባስ፣ ሁለት ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ አቀበቱን በእግር። እንጀራ ነው ብዬ እንጂ መንገዱ ብቻውን አንድ ሙሉ ሺፍት ነበር። የምንከባከባቸው ሰውዬ ሰማንያውን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሾርባ ሲቀዘቅዝ የሚቆጡ የድሮ የባሕር ኃይል ወታደር ነበሩ።

እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ጦርነት እንዲያወሩኝ አልፈልግም ነበር። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ጦርነት ሲባል ገና ሳይጀመር ይታክተዋል። እሳቸው ግን ምሳ ሲቀርብ ጠብቀው ይጀምራሉ። አሜሪካና ጃፓን በዚያ ሰፊ ውቅያኖስ ደሴት በደሴት ሲዋጉ፣ እሳቸው ወታደር ከትልቁ መርከብ ወደ ደሴቱ የምታደርስ ጀልባ ነጂ ነበሩ። የተፈጨውን ድንች ሳህናቸው ላይ ይከምሩና "ደሴቷ ይቺ ናት፤ ጃፓኖቹ እዚህ መሽገዋል" ይላሉ። በማንኪያ ዙሪያውን ይጭሩና "ይሄ ደግሞ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ ነው።" እኔ "ይብሉት እንጂ፣ በረደ እኮ!" እላለሁ።

ታሪኩን በቁርጥራጭ፣ ወራት ፈጅቶብኝ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ውሃው ጎድሎ ጀልባዋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። የባሕሩ ዳር ገና ሩቅ ነው። የፊቷን መዝጊያ ወደ ውሃው ዘረጉት፤ ወታደሮቹ ከነትጥቃቸው ወረዱ። ውሃው አንዳንዱን እስከ ደረቱ ያዘው፣ አንዳንዱን ጭልጥ አድርጎ ዋጠው። ከደሴቱ ጥይት ይዘንባል። እሳቸው መዝጊያውን መልሰው ስበው፣ ሸክሟ የቀለለላትን ጀልባ ከድንጋዩ አላቀው ሌላ ሰው ሊጭኑ ወደ መርከቡ ተመለሱ። ትእዛዝ ነዋ። ካወረዷቸው ሠላሳ ያህል ልጆች በሕይወት የተገኘው አንድ ብቻ ነበር።

እኚያ የተረፉት ጓደኛቸው አርጅተው ስፕሪንግፊልድ ይኖሩ ነበር። በየእሑዱ ከምሳ በኋላ ይደውላሉ። ምን የሚያወሩ ይመስላችኋል? ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም! አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሲዘጉት ግን የእኔው ሰውዬ ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ያ ሁሉ ቁጣቸው ይበርዳል። አንድ እሑድ "ሌሎቹን አልቀበርኳቸውም፤ ጥያቸው ነው የሄድኩት። እሱ ከቀደመኝ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ እቀብረዋለሁ። ተነጋግረናል" አሉኝ። "ኧረ አያሟርቱ!" ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

አንድ ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ሰውዬው ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ልባቸው ደክሞ ተኝተዋል። የደወለው የጓደኛቸው ልጅ ነበር። "አባቴ ትናንት አረፈ። ቀብሩ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። እባክሽ ንገሪልኝ፤ መምጣት እንደሚፈልጉ አውቃለሁ" አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

አልነገርኳቸውም። መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? ለታመመ፣ እህል ላልቀመሰ፣ ብቻውን ለተኛ ሰው? መርዶ ማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ። የእኔን አባት ሞት ያረዱኝ ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቼ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩተው። እስከዚያ እህቴ በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነው፣ ተኝቶ ነው" ትለኝ ነበር። ወግ ነው ብዬ አልተቀየምኳትም። እናም ሴት ልጃቸው ቅዳሜ ከሮክቪል ስትመጣ አብረን እናረዳቸዋለን ብዬ ወሰንኩ። ለእሷም አልደወልኩም፤ የመርዶ ነገር በስልክ አይሆንማ!

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሾርባ አቀረብኩላቸው። አንድ ሳህን ሙልጭ አድርገው ጨረሱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያን ቀን ግን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ዓርብ ራሳቸው ስልክ አንስተው ስፕሪንግፊልድ ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። "ምን ሆኖ ነው?" ሲሉኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ተኝተው ይሆናል" አልኳቸው።

ቅዳሜ ኦፍ ነበርኩ፤ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የቆምኩበት እግሬ እንደ ሊጥ አብጧል። ቢሆንም በማለዳ ተነስቼ ያንኑ መንገድ ሄድኩ። ከጎን ያለችውን ጎረቤታቸውን ለምኜ አመጣሁ፤ ሴት ልጃቸውን በር ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ፊቷ ደም መሰለ።

"ማክሰኞ ሰምተሽ? ለምን ኮል አላደረግሽልኝም?"

"ልባቸው ደካማ ስለሆነ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ..."

"ያንን የሚወስነው አባቴ ነው እንጂ አንቺ ነሽ?"

ጎረቤቲቱም ለምን እንደተጠራች ሳይገባት በካልሲዋ ቆማ ሁለታችንንም ታያለች።

ገባን። ልጃቸው እንደ ፈረንጅ ወግ አንድም ሳታለሳልስ ነገረቻቸው። ይወድቃሉ ብዬ ከወንበራቸው ኋላ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። አልወደቁም። አላለቀሱም።

"ቀብሩ መቼ ነው?" አሉ።

"ሐሙስ ነበር" አለቻቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ መቼ ሰማሽ?"

"ማክሰኞ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዳይታመሙብኝ ብዬ ነው፣ ባገራችን ወጉ እንዲህ ነው፣ ለእኔም እንዲሁ ነው ያደረጉልኝ እያልኩ ተንተባተብኩ። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋኝ። ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ያን ጠዋት መኮንናችን ውሃው እንደሚጎድል ያውቅ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው። "ልጆቹ እንዳይፈሩ ብሎ ነው ያልነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም።"

ልጃቸው መቃብሩ ድረስ ልትወስዳቸው መኪናዋን ልታስነሳ ወጣች። እኔ ጫማቸውን ላስርላቸው ተንበረከክሁ። እጄን በቀስታ ገፋ አደረጉና ጎንበስ ብለው ራሳቸው ማሰር ጀመሩ። ክሩ ደጋግሞ ያመልጣቸዋል። ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።