እስከ ጆሮው የተደፋ ባርኔጣ

አርክቴክቷን የቢሮ ባልደረቦቿ «እግሩ-የት» ይሏታል። ንድፍ ላይ ከመፈረሟ በፊት ሁሌ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ይህን መስኮት የሚገጥመው ሰው እግሩ የት ይቆማል? አምፖሉን የሚቀይረውስ? መልስ ካጣች ትሰርዛለች። እሷ የነደፈቻቸው ሕንፃዎች መስኮታቸው ወደ ውስጥ ስለሚከፈት መስታወቱን ለመወልወል ማንም ውጭ አይንጠለጠልም።

ታላቅ ወንድሟ ጣራ ሠራተኛ ነው። «እኔ ድመት ነኝ እቴ፤ አንቺ ለሰው ንደፊ» እያለ ያሾፍባታል።

አንድ ጊዜ ወንድሟ ጣራውን ሊመታ የተቀጠረበትን ሕንፃ የነደፈችው እሷ ሆነች። ባለቤቱ ወፍራም፣ ሳቂታ ነጋዴ ናቸው። ንድፉ ላይ በጣራው ጠርዝ እስከ ወገብ የሚደርሰውን ግንብ ሲያዩ ግን ፊታቸው ተኮማተረ።

«ልጄ፣ ሕንፃዬን እኮ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው የደፋ ሰው አስመሰልሽው! እስከ ቁርጭምጭሚት ይበቃዋል። እምቢ ካልሽ ሌላ ነዳፊ እፈልጋለሁ።»

አርክቴክቷ በቢሮው ወለል ላይ በጠመኔ የጣራውን ጠርዝ አሰመረች። ጣራ ሠራተኞች ረጅሙን ቆርቆሮ ለሁለት ሲሸከሙ አንደኛው የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። የስብሰባውን ሰሌዳ አንሥታ አንዱን ጫፍ ለነጋዴው ሰጠች።

«ወደ ኋላ ይሂዱ ጋሼ። ዓይንዎ እኔ ላይ ይሁን።»

እየሳቁ ሄዱ፤ መስመሩን አለፉ።

«ወደቁ። ነፍስዎን ይማር።»

«ቆይ፣ ቆይ! አልተዘጋጀሁም። እንደገና!»

እንደገና ወደቁ። ቀጥሎ ተረከዛቸውን ለማየት ዞር ሲሉ ሰሌዳው ከእጃቸው አምልጦ አውራ ጣታቸው ላይ አረፈ።

«እግሬን ልይ ወይስ ሰሌዳውን ልያዝ?» ብለው ጮኹ።

ከፍ ያለውን የመሳያ ጠረጴዛ ጎትታ መስመሩ ላይ አቆመችው። ነጋዴው እያነከሱ ወደ ኋላ ሄዱ፤ መቀመጫቸው ጠረጴዛውን ነካና ቆሙ። መታ መታ አደረጉት።

«ይኼ ነው እንዴ ግንቡ?»

«ይኸው ነው።»

«ባርኔጣው ይደፋ!»

ጣራው ሲመታ ልታይ ወጣች። ወንድሟ የቆርቆሮውን ጫፍ ይዞ፣ ከባልደረባው ጋር እየተቃለደ፣ ወደ ኋላ መጣ። ወገቡ ግንቡን ሲነካ ወሬውን ሳያቋርጥ ቆመ።

በእረፍት ሰዓት «ግንቡ እንዴት ነው?» አለችው።

«ለሻይ ማስቀመጫ ይሆናል» አላት ድመቱ። ግንቡን ተደግፎ፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ በእጁ ዳብሶ ብርጭቆውን አነሣ።