አባቴ ያላዜመባቸው ወራት

ልጅ እያለሁ ምስጋና ማለት የአባቴ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ቢቸና ከነበረው ቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ያለው አንድ የገብስ ማሳና አንዲት ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። በበዓል ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የአባቴ ዜማ ማሳውን ተሻግሮ ይደርሰኛል። እናቴም እጄ ላይ ውሃ እያፈሰሰች «ቶሎ በይ፣ አባትሽ ጀምሯል» ትለኛለች።

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር። ዜማውን የሚያነሣውም፣ የሳተውን የሚያርመውም እሱ ነው። ጋቢው የጧፍና የአሮጌ ብራና ሽታ ነበረው። እኛ የሰፈር ልጆች ጨዋታችን ሁሉ እሱን መምሰል ነበር። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምረን ጸናጽል እናደርጋለን፤ የማሽላ አገዳ መቋሚያችን ነው፤ በሁለት ረድፍ ቆመን እናሸበሽባለን። የሚመራን ታላቅ ወንድሜ ልሳኑ ነበር። እኔን በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ድምፁ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አዋቂ ሰው ቆም ብሎ የሚያዳምጠው ዓይነት ነበር።

አንድ ቀን አባቴ የከበሮ ጠፍር ሲያጠብቅ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «እግዚአብሔር ሁልጊዜ ሲያመሰግኑት አይሰለቸውም?» አልኩት። ሳቀ። «እኛን እንጂ እሱንስ አይሰለቸውም። መላእክት ሳይደክማቸው ያመሰግኑታል። እኛም የምንቆመው እነሱን እንድንመስል ነው» አለኝ። አባቴ ያኔ የሚደክመው ሰው አይመስልም ነበርና አመንኩት።

በዚያ ዘመን ከተማችን ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ አስኳላ ይለዋል። ልሳኑ ከብት ውሃ ላጠጣ እያለ ሄዶ በመስኮት ያያል፤ ማታ መሬት ላይ ቁጥር እየጻፈ ያሳየኛል። እዚያ እንዲገባ አባቴን ለመነው። እናቴም አብራው ለመነች። አባቴ ግን ሐሳቡን ቆርጦ ነበር። «እኔ ስሞት የቆምኩበት ቦታ ባዶ ይቅር?» አለ። ልሳኑን ሞጣ ለነበሩት ለየኔታ ወልደ ሐና ሊሰጠው ወሰነ። የኔታ አባቴን ራሱንም ያስተማሩ፣ ዐይናቸው የማያይ የዜማ መምህር ነበሩ። ልሳኑ በመስከረም ደበሎውን ለብሶ ከአባቴ ጋር ሄደ። እናቴ አጥሩ ጥግ ቆማ እስኪጠፋባት ድረስ አየችው። እሱ አልዞረም።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት መርዶው መጣ። ግርሻ የሚሉት ትኩሳት የሞጣን ተማሪዎች ሲጨርስ ልሳኑንም ወስዶታል። እኛ ሳንሰማ ተቀብሮ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

አርባው እስኪወጣ ድረስ ቤታችን በሰው የተሞላ ስለነበር የአባቴ መለወጥ አልታወቀኝም። ከተዝካሩ በኋላ በመጣው እሑድ ግን አባቴ ከእኛ ጋር እስከ ቅጥሩ በር መጣና እዚያው ቆመ። ከዚያ ከዋንዛው ሥር፣ ምጽዋት ከሚጠብቁት ሰዎች ጎን ተቀመጠና በጋቢው አፍና አፍንጫውን ሸፈነ። ከውስጥ ሌሎቹ ሲያዜሙ ይሰማል። ሲስቱም ይሰማል። አላረማቸውም። በሚቀጥለው እሑድም፣ በገናም፣ በጥምቀትም እንደዚያው ሆነ።

እናቴም ሌላ ሰው ሆነች። በእልልታዋ የታወቀች ሴት ነበረች፤ ታቦት ሲወጣ የእሷ እልልታ ሳይሰማ ሌሎቹ ሴቶች አይጀምሩም። አሁን ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትቆማለች፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እጇ አይንቀሳቀስም። ጠዋት ማሳውን ተሻግሮ የሚመጣ ድምፅ አልነበረም። ቤታችን ደከመ። ሁላችንም ሳንሠራ እንደክም ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባዶ እንስራ ይዛ የተመለሰችበትን ቀን አስታውሳለሁ።

ከጥምቀት ቀደም ብሎ የደብሩ አለቃ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ተቀመጡ። ከዚያ አለቃው፣

«መሪጌታ፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው» አሉ። «ግን ቦታዎ ባዶ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በአገልግሎት የተያዘ መሬት ያለ አገልጋይ እንደማይቆይ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ ዝም ብል ሌላው ዝም አይልም። የአስተርእዮ ማርያም እስኪደርስ እንታገሣለን።»

«በየትኛው አፌ ላመስግን፣ አለቃ?» አለ አባቴ። «ልጁ አስኳላ ልግባ ብሎ ለምኖኝ ነበር። በምስጋና ስም ነው የገደልኩት።»

አለቃው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ተነሡ።

እናቴ አባቴን አንቱ እያለች ነበር የምትጠራው። ያን ቀን እንግዶቹ ሲወጡ ግን አንተ አለችው። «ወደ ሞጣ ስትሰደው አልቅሼ ነግሬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም» አለችው። «አሁን ደግሞ ይህችን የቀረችውን መሬት አልባ ልታደርጋት ነው?» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። አባቴ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ዐይኑን መለሰ።

የአስተርእዮ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጉንደ ወይን በኩል የመጡ ነጋዴዎች በራችን ላይ ቆሙ። ከበቅሎዎቹ የአንዷን የጭነት ገመድ የያዙ፣ አቧራ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የኔታ ወልደ ሐና ናቸው። ያን ገመድ ይዘው ከሞጣ አራት ቀን ተጉዘዋል። አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም። እጃቸውን ይዛ ያስገባቻቸው እናቴ ነች።

እግራቸውን እንዳጥብ ታዘዝኩ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሮ ነበር፤ ለብ ያለውን ውሃ ሳፈስበት እግራቸውን አልሰበሰቡም። እንጀራ ሲቀርብላቸው አልነኩም።

«ይሄይስ፣ እዚህ አለህ?» አሉ።

«አለሁ» አለ አባቴ።

«ሳልነግርህ አልበላም። ልጅህ ሦስት ቀን ታሞ ትምህርት ገበታ ላይ ቀርቧል። እኔ ዐይን የለኝም። ድምፁ ሲሰንፍ ሰማሁና ሰነፍክ ብዬ ገሠጽኩት፤ እንደገና አስባልኩት። እሺ ብሎ እንደገና አለ። በአራተኛው ቀን ሲቀርብኝ ግንባሩን ብዳስሰው እሳት ነበር። ከዚያ በኋላ የቆየው አምስት ቀን ነው። ይህን በሌላ ሰው አፍ ልልክብህ አልፈለግሁም።»

እጄ የኔታ እግር ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብዬ ሳያቸው ከማያዩት ዐይኖቻቸው እንባ ይወርድ ነበር፤ ፊታቸው ግን አልተለወጠም። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። በጓሮ በኩል አጥሩን ተደግፎ ሲቆም በበሩ ታየኝ። የመለሰችላቸው እናቴ ነች።

«እኛም አላየነውም፣ የኔታ» አለች። «ዐይን እያለን።»

አባቴ ሲመለስ ጥላው ረዝሞ ነበር። ከየኔታ ጎን ተቀመጠ። ቀኝ እጃቸውን ያዘና እንጀራው ላይ አሳረፈላቸው። «ይብሉ» አላቸው። የኔታ ቀስ ብለው ቆረሱ።

በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት የኔታ ወደ አገልግሎትህ ተመለስ አላሉትም። እኔ እጠብቅ ነበር፤ እናቴም ትጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ፤ አባቴ ውሃ ያቀብላቸዋል። የበዓሉ ቀን ጠዋት ግን ነጭ ልብሳቸውን አስተካክለው «የማላውቀው ደብር ነው። እጄን ይዘህ ከማኅሌተኞቹ መካከል አቁመኝ፤ ከዚያ መመለስ ትችላለህ» አሉት።

ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞረና ቆመ። ማኅሌተኞቹ በቀኝና በግራ ተሰለፉ። እኔና እናቴ በሴቶች በኩል፣ ከፊት ነበርን። አባቴ የኔታን እየመራ ሕዝቡ መካከል ሲገባ መንገድ ተከፈተ። አለቃው መምህሩን አውቀው እጅ ነሡና ዜማውን እንዲያነሡ ጋበዟቸው። አባቴ ሊመለስ ዞረ። የኔታ እጁን አልለቀቁትም።

አነሡ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። በግራ ያሉት ሊቀበሉ ተዘጋጁ። የኔታ ከዜማው መካከል ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠረ። ሞከሩ፤ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። የከበሮው መቺ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀረ። ያን ያህል ሰው ባለበት ግቢ የሚሰማው የየኔታ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። ሰው ሁሉ አባቴን እያየ ጠበቀ፤ ማንም ግን ቀጥል አላለውም።

አባቴ ቀጠለ።

ያ ድምፅ እኔ የማውቀው አልነበረም። ሁለት ወር የቆየ ዝምታ ጉሮሮውን ዘግቶት ነበር። ሻከረ፤ ከፍ ማለት ሲገባው ዝቅ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያዜመን ተማሪ ከደጅ ይመልሰው ነበር። ግን አላቋረጠም። አንገቱን ደፍቶ፣ የሽማግሌውን እጅ እንደያዘ፣ ቃሉን እየጎተተ መጨረሻው ላይ አደረሰው። ያኔ ከበሮው ወረደ፤ በግራ ያሉት ተቀበሉ፤ ጸናጽሉ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ አላለችም። ቀና ብዬ ሳያት ግን ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ ነበር፤ እጆቿም ሳይሰማ፣ በጣም ቀስ ብለው ያጨበጭቡ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ገብሱ ታጭዶ ስለነበር በማሳው አቋርጠን ሄድን። አባቴ የኔታን እየመራ ከፊታችን ነበር፤ ንግግራቸው ይሰማናል።

«ምንም አልተሰማኝም፣ የኔታ» አለ አባቴ። «ደስታም የለ፣ መጽናናትም የለ። ድካም ብቻ ነው የተሰማኝ።»

«እኔም ደክሞኝ ነው ያቆምኩት።»

«መላእክት አይደክማቸውም ብለው ነበር ያስተማሩኝ።»

«እውነት ነው፤ እነሱ አይደክማቸውም። እኛ ግን ይደክመናል። በሁለት ረድፍ የምንቆመው ለምን ይመስልሃል? አንዱ ሲያቅተው ሌላው እንዲቀበለው ነው። ደስ ያለው ብቻ ያመስግን ቢባል ኖሮ ቤተ ክርስቲያኑ ስንት ቀን ይከፈት ነበር?»

ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ አባቴ «እዚህ ጋ ይጠንቀቁ» አላቸው።

የኔታ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ሞጣ ተመለሱ፤ ክረምቱ ሳይገባ ማረፋቸውን ሰማን። መሬቱ በእጃችን ቀረ። በመስከረም አባቴ እኔን እጄን ይዞ አስኳላ ወስዶ አስመዘገበኝ። ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። እናቴ ዳግመኛ እልል ስትል የሰማኋት ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ፋሲካ ነው፤ እልልታዋ አጭር ነበረች፤ ራሷም የደነገጠች መሰለች። ንጉሡ ወርደው መሬቱ ሁሉ ሲወረስ አባቴ ከአገልግሎት ቢቀር የሚወሰድበት ነገር አልነበረም። እሱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ከቦታው አልታጣም። ደስ ብሎት ይሁን ደክሞት አልጠየቅሁትም።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ሞጣ ተመደብኩ፤ እዚያው ትዳር ይዤ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ ጡረታ ወጣሁ። የልሳኑን መቃብር የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ በወጣት የተሞላ ነው፤ ዩኒፎርማቸው ያምራል፣ ድምፃቸውም ያምራል፤ እኔ አልነቅፋቸውም። ግን ድምፅ ማጉያው ኃይለኛ ነው። በመካከል አንዱ ማይክ ይዞ «እጃችሁን አንሡ፣ እልል በሉ፣ አልሰማኋችሁም» ይለናል። በኛ ጊዜ እልል በሉ የሚለን አልነበረም። ማለት ያልቻለ ሰው ዝም ብሎ መቆም ይችል ነበር፤ ቆሞም ከአመስጋኞቹ ይቆጠር ነበር።

አሁን እኔንም ይደክመኛል። ጉልበቴ ብቻ አይደለም የሚደክመው። ባለፈው እሑድ ማይኩ እልል በሉ ሲል አጠገቤ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር። ሰው ይገፋታል፤ የምትይዘው ነገር የላትም። ከተደገፍኩበት ግንብ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ መደገፊያ ቦታ ለቀቅሁላት። መጥታ ከጎኔ ተደገፈች። ስሟን አልጠየቅኋት፤ እሷም አልጠየቀችኝም። እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም አንድ ቃል ሳይወጣን ቆምን።