ጋሼ ፈንቴን የጎተትንበት ነጭ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሚኒባስ ጭቃ የያዘውን ሌላ ሚኒባስ ሲጎትት አየሁ። የታሰሩበት ነጭ ገመድ ከጣቴ አይወፍርም። ሰዉ ቆሞ ያደንቃል። እኔ ግን ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ በዳንግላ መኪና ተሳፈርኩ።

የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የጨርቃጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ለፋሲካ ዳንግላ እናቴ ዘንድ መጥቼ ነበር። ሚያዝያ ነው። ያኔ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ እንደ ዛሬው አገሩን አልሸፈነውም፤ ሜዳው ደርቆ ነፋሱ አቧራ ያበላናል። ጎረቤታችን ጋሼ ፈንቴ ግቢያቸው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። መንገድ ሥራ ላይ ሹፌር የነበረው ወንድሜ እንዲያ ያለ ነጭ ገመድ ይዞ ሲመጣ ደስታዬን አልቻልኩትም። የተማርኩትን በእጄ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ይኼ ገመድ ከፌስታል ጋር አንድ ነው» አልኳቸው።

«በፌስታል ልታወርጂኝ ነው?» አሉ እየሳቁ።

ቅቅል ድንች በዳጣ እየበላን አስረዳኋቸው። ሁለቱም የተሠሩት ለዓይን ከማይታዩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ነው። ፌስታሉ ውስጥ ሰንሰለቶቹ እንደተዝረከረከ ፈትል ተወሳስበዋል። ገመዱ ሲሠራ ግን ክሩ እየተሳበ፣ እየተሳበ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ክሪስታል ይሆናሉ። ስለዚህ ሲጎተት ሸክሙን ሁሉም እኩል ይይዙታል።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ይህ ክር ሙቀት አይችልም፤ እንደ ፌስታሉ ቶሎ ይቀልጣል። ይህንንም ተምሬ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ በአዊኛ ከባላቸው ጋር ጥቂት ተከራከሩና ወደ እኔ ዞሩ። «የማላውቀው ነገር ላይ ባሌን አላንጠለጥልም» ብለው አሮጌውን የቃጫ ገመድ ጋሼ ወገብ ላይ አሰሩ። ሌላውን ጫፍ ዛፍ ላይ ጠመጠሙት። እኔ በልቤ ታዘብኳቸው።

ቀጭኑ ነጭ ገመድ በጉድጓዱ አፍ ላይ የተጋደመውን እንጨት እየሰረሰረ ስላስቸገረ፣ በእንጨቱ ቦታ የብረት ቧንቧ እንዲደረግ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው አይሽከረከርም። ጋሼ በነጩ ገመድ ወርደው ሲቆፍሩ፣ ረፋዱን ሙሉ አፈርና ድንጋይ ወጣበት፣ ባዶው ባልዲ እየተወረወረ ወረደበት። እኩለ ቀን ላይ ቧንቧውን ስነካው ፈጀኝ። እጄን ሰብስቤ ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ «አቁሙ» ማለት አሳፈረኝ። የቀረው ደግሞ ጋሼን ማውጣት ብቻ ነበር።

ወንድሜና ሁለት ጎረቤቶች መጎተት ጀመሩ። እትዬ ጥሩወርቅ የላላውን ቃጫ ዛፉ ላይ ይጠመጥማሉ፤ እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜያለሁ። የጋሼ ራስ ሊታየን ሲል ገመዱ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተበጠሰ። ሦስቱም ወደ ኋላ ወደቁ። ቀጥሎ ዛፉ ሲንቋቋ ሰማሁ። የቃጫው ገመድ ተወጥሮ ጋሼ ፈንቴ ከጉድጓዱ ወገብ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሲወጡ ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። የነጩን ገመድ ጫፍ አንስቼ አየሁት፤ ክሮቹ ቀልጠው፣ ተጣብቀው፣ እንደ ቀዘቀዘ ሰም ደርቀዋል። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ሰዉ ሁሉ «ዕቃው አሮጌ ነበር» ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ዕለት ይህንን ሁሉ ለጋሼ ፈንቴ ነገርኳቸው። አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ስወጣ ጧፍ ጧፍ ሸተተኝ» አሉ በመጨረሻ። «ጉድጓድ ውስጥ ጧፍ ከየት መጣ ብዬ አቁሙ ልላቸው ነበር። ቀና ስል ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንቺ ቆመሽ ፈገግ ብለሻል። የተማረችው ልጅ እየሳቀች ምን ይመጣል ብዬ ተውኩት።»

ዝም ማለቴን ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜው ኖሬያለሁ። ፈገግታዬ የእሳቸውንም አፍ ዘግቶ እንደነበር ግን የሰማሁት ገና ቅዳሜ ነው።