ኮከብ ላለመሆን

የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት አዋሳ ስመለስ፣ አባቴ በሾፌርነት የሚሠራበት የመንግሥት ጭነት ማመላለሻ መሥሪያ ቤት የዓመቱን ኮከብ ሠራተኛ ሊመርጥ ነበር። ቤተሰብም ስለተጋበዘ ኩራት እየተሰማኝ አብሬው ሄድኩ። አባቴ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። ያለፈው ዓመት ኮከብ በጭብጨባ ተመርጦ፣ በሳምንቱ ወደ ጦር ግንባር ስንቅ እንዲያደርስ ተልኮ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም።

ስብሰባው እንደተከፈተ ሾፌሮቹ እርስ በርስ መሞጋገስ ጀመሩ።

«ከእኔ እሱ ይበልጣል!»

«ኧረ ጓድ፣ አንተ እያለህ እኔ ማን ነኝ?»

አባቴ መላ ያገኘ መስሎት እጁን አወጣ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ። ሥራ አረፍዳለሁ። ቱላ ስደርስ መኪናዬን ጥላ ሥር አቁሜ እተኛለሁ። ለኮከብነት አልበቃም።»

ሊቀመንበሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጓዶች፣ እንዲህ ያለ ቆራጥ ግለ ሂስ ያደረገ ሠራተኛ አይተን እናውቃለን?»

ጭብጨባው የአዳራሹን የቆርቆሮ ጣሪያ አናጋው። ከሁሉም አብልጠው ያጨበጨቡት ሾፌሮቹ ነበሩ።

ቤት ስንገባ የምስክር ወረቀቱን ለእናቴ ሰጠኋት። ሳታነበው ወደ አባቴ ዞራ፣

«መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው።